የደብረሰን ፋሲካ

አፍራንና እኔን ያስተዋወቀችን ሐረር አይደለችም። የእኛ ቤት ከሸዋ በር ውጭ ነው፤ የእነሱ ጀጎል ውስጥ፣ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ በእግር የሚደረስ። ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲያ ተጎራብተን ኖረን፣ እሷ የምትባል ሰው መኖሯን ያወቅኩት ሀንጋሪ ውስጥ፣ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ወጥ ቤት ነው። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኛል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም።

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱና ስለ ፈረንጆቹ ነው። ብርዱ ከባድ ነው እላለሁ። ፈረንጆቹም እንደ ማንም ሰው ናቸው እላለሁ። የደብረሰን አንድ ሙሉ ዓመት በዚሁ ተወርቶ አለቀ። ስለ አፍራ የሚጠይቀኝ የለም። እዚያ እህቴ ነበረች። እዚህ ምኔ እንደሆነች ነው የጠፋኝ።

ያገኘኋት ቀን ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወትፋ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ በሐረሪ ቋንቋ ከእናቷ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር። ቋንቋውን አልችለውም። ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ገበያ በወጣሁ ቁጥር በጆሮዬ ሲገባ የኖረ ነው፤ እዚያ ባዕድ አገር ድንገት ሰማሁት። ስልኩን እስክትዘጋ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳትና የሐረር ልጅ መሆኗን ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና እሷም ሰፈሬን ጠየቀችኝ። ሸዋ በር ስላት ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ወለሉ ላይ ዘጭ አለችና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላልቅ ሲል እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እኔ የውኃ ምህንድስና፣ እሷ የሕዝብ ጤና ነበር የምንማረው፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ። ከተማዋ ደብረሰን ትባላለች። እማዬ ስሟን የሰማች ቀን ደብር መስላት ደስ ብሏት ነበር፤ አይደለችም ብዬ ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ትልቁ ጣጣ ምግብ ነበር። እኔ የእነሱን ሥጋ አልበላም፣ እሷ የእኛን አትበላም። ሐረር ውስጥ ይኼ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሳው ነገር ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲኖርበት የኖረ ነው። እዚያ ግን ሁለት ምድጃ ላይ ለየብቻ መቀቀሉ ብቸኝነቱን እጥፍ አደረገብን። ሳንነጋገርበት አንድ ድስት ሆንን፤ ድስቱም የጾም ሆነ። ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች፣ እንደገና ምስር። ገሊላ፣ ክርስቲያን ሳልሆን ሁዳዴ አስያዝሽኝ እያለች ታላግጥብኝ ነበር።

ጎረቤታችን ኒኖ የምትባል የጆርጂያ ልጅ ነበረች፤ እንደ እኔ ኦርቶዶክስ፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያላት። በሃይማኖት ከሆነ እህቴ እሷ ነበረች። እየጋበዘችኝ ክፍሏ ሄጃለሁ። ስለ ቅዱሳን ሥዕል እናወራለን፣ ስለ ጾሙ እናወራለን፣ ከዚያ ሁለታችንም ሰርቀን ሰዓት እናያለን። ጥሩ ልጅ ናት፤ ጥፋት የለባትም። ግን ትኩሳት የያዘኝ ሰሞን ፎጣ እያራሰች ግንባሬ ላይ የምታደርገው አፍራ ነበረች። የአፍራ አያት ሐረር ውስጥ ያረፉ ዕለት ደግሞ እሷ ቁርኣን ስትቀራ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዳዊት ደገምኩ። ማናችንም ይኼ ይሆናል ወይ ብለን አልጠየቅንም። የሚጠየቅ ሰው አልነበረማ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሜያለሁ። ኒኖ ለበዓሉ አገሯ ገብታለች። የሱፐርማርኬቱን ሥጋ እጄ አልሄደበትም፤ የእግዚአብሔር ስም ሳይጠራበት ማሽን የቆረጠው ነው እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ስሸሸው ነበር። እንቁላል ቀቅዬ እፈስካለሁ ብዬ፣ ቅዳሴውን በስልኬ እያየሁ፣ አልቅሼ ተኛሁ። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ አፍራ ዶሮ ወጥ ሠርታ ቆማለች። ቡዳፔስት ድረስ በባቡር ሄዳ ከአንድ የሙስሊም ሱቅ ያመጣችው ዶሮ ነው። ብልቱ በደንብ ተለይቷል፣ ሽንኩርቱ ሙክክ ብሏል፣ እንቁላሉ ሳይቀር ገብቶበታል።

"የኛ ነው፤ አልዋሽሽም" አለችኝ። "ካልሆነልሽ አልቀየምሽም።"

አማተብኩና በላሁ። እሷም ቢስሚላህ ብላ ከዚያው ሳህን በላች። ጨው ያንሰው ነበር፣ እንጀራም አልነበረንም፣ በዳቦ ነው የበላነው። ቢሆንም እንደዚያ ፋሲካ የጣመኝ ፋሲካ የለም። ኀጢአት ይሁን አይሁን የንስሐ አባቴ ይወቁት፤ ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። እኔ የማውቀው ያን ጠዋት ብቻዬን አለመሆኔን ነው።

ሐምሌ ላይ ተመለስን። እስከ ድሬዳዋ በአንድ አውሮፕላን፣ ከድሬዳዋ ሐረር በአንድ ሚኒባስ፣ እንዲያውም በአንድ ወንበር። ስንወርድ እሷን ወንድሞቿ፣ እኔን እማዬና የእድር ሴቶች ከበቡን። ነገ እንገናኝ ተባብለን ተለያየን።

ነገ አልተገናኘንም። ከነገ ወዲያም። ስደውልላት እንግዳ አለብን ትላለች፤ ስጽፍላት በማግስቱ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" የሚል ይመጣል። አንድ ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትሄድ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጉንጬን ሳመችኝ፣ እናቴን ጠየቀችኝ፣ እንደዋወላለን ብላኝ አለፈች። አንድ ክፍል ተምረው የማያውቁ፣ በዓይን ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች እንኳ ከዚያ የተሻለ ይነጋገራሉ። ቤቴ እስክደርስ ንዴቴን ስውጠው ሄድኩ።

ክረምቱን በዚህ ነገር ስብሰለሰል ከረምኩ። ምናልባት ጓደኝነት አልነበረም ይሆናል አልኩ። ብርድ ላይ የተገናኘ ሰው ሁሉ ይተቃቀፋል፣ ሙቀት ጋ ሲደርስ ይላቀቃል። ምናልባት አፈረችብኝ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እኔስ ቤቴ ጠርቻት አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አልጠራኋትም። እማዬ ፊት የፋሲካው ወሬ ከአፏ ቢያመልጥስ ብዬ ፈርቼ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ ያለችው ከእኔ ጋር ነው፤ ጽዋዋ፣ እድሯ፣ ቤተ ክርስቲያኗና እኔ። የእማዬ፣ የለተማርያም ልጅ የእስላም ሥጋ በላች ከተባለ፣ ከሸዋ በር ተነሥቶ ሐኪም የሚባለው ጋራ ሳይደርስ ወሬው ሰለመች ወደሚለው ይለወጣል። ሐረርን አውቃታለሁ። እንዲህ እያልኩ እሷን እከሳለሁ፣ ራሴን እከሳለሁ፣ መጨረሻው ግን አይመጣልኝም።

መስቀል እንዳለፈ የአፍራ እናት እትዬ ሐዲያ ለእማዬ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው በሰላም ስለተመለሰች ዱዓ አድርገው ዘመድ ሊያበሉ ነው፤ እኔና እማዬም ቅዳሜ ለምሳ እንድንመጣ። እማዬ ሰበብ ትፈልጋለች ብዬ ስጠብቅ እንመጣለን አለችና ቀሚሷን ከሣጥን ማውጣት ጀመረች። ግራ ገባኝ።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ወሰንኩ። ከአፍራ ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ፤ እማዬም እያየች። ከዚያ የሚመጣውን እችለዋለሁ አልኩ። እማዬ ታለቅሳለች፣ ምናልባትም ለረጅም ጊዜ አታናግረኝም። ግን ካልበላሁ ደብረሰን የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ነው፣ አፍራም ፈረስ መጋላ ላይ ጉንጬን ስማ የምታልፍ ሰው ሆና ትቀራለች። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ቅዳሜ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፤ ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ከላይ እስከ ታች ተቀምጠዋል። እማዬና እትዬ ሐዲያ ሲተያዩ ሁለቱም ቀጥ አሉ። ለካ እማዬ ስንት ዘመን ጨርቅ ስትገዛ የኖረችው ከእሳቸው ሱቅ ነው። አንድ ክንድ ጨርቅ ላይ ሲከራከሩ የኖሩ ሴቶች ተቃቅፈው አልላቀቅ አሉ። አፍራ ከወዲያ ማዶ ትሪ ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

ምሳው ሲቀርብ መሃል ቤቱ ላይ ትልቁ ትሪ ተዘረጋ፤ ሩዝ፣ የበግ ሥጋ፣ ሁልበት የሚሉት የአብሽ መረቅ። የአፍራ የአክስት ልጆች ዙሪያውን ተቀመጡ። ለእኔና ለእማዬ ደግሞ ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተደረገልን፤ ዶሮ ወጥ። እትዬ ሐዲያ ራሳቸው አጠገባችን መጥተው በክርስቲያን እጅ የታረደ መሆኑን፣ የሠራችውም ክርስቲያን ጎረቤታቸው መሆኗን፣ ድስቱም ሳህኑም ለዛሬ የተገዛ አዲስ መሆኑን አንድ በአንድ ነገሩን። በልባችሁ አትጠራጠሩ አሉን። እማዬ እጅ ነሣች፣ መረቀች። እኔ ጠረጴዛዋን ሳያት አጥር መሰለችኝ።

ከትልቁ ትሪ ዙሪያ አፍራ የምትቀመጥበት ቦታ ክፍት ነበር፤ አጠገቡም አንድ ሰው ይበቃል። ተነሣሁ። ሁለት እርምጃ ሳልራመድ የአፍራ አክስት ዋፊቃ ከላይኛው መደብ ሆነው ጠየቁኝ። እዚያ ካፊር አገር እንዴት ኖራችሁ፣ ሥጋውንስ እንዴት አደረጋችሁት አሉ። በክፋት አይደለም፤ እንደማንኛውም አክስት ነው የጠየቁት። ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይኼው መጣ አልኩ፤ አፌን ከፈትኩ።

አፍራ ቀደመችኝ።

"ገሊላ የኛን ሥጋ ነክታ አታውቅም" አለች። "ፋሲካዋን እንኳ በእንቁላል ነው የፈሰከችው። እንደ እሷ በሃይማኖቱ የጸና ሰው አላየሁም።"

ማሻአላህ አሉ ሴቶቹ። እትዬ ሐዲያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸውን ከእንዲህ ያለች ጋር ላኖረላቸው አላህ ምስጋና አቀረቡ፤ የራሷን የምታከብር የሰውንም ታከብራለች አሉ። እኔ መሃል ቤት ቆሜያለሁ። ወደ እማዬ ዞርኩ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጄ እንዲያ ናት" አለች እማዬ፣ ረጋ ብላ። ከዚያ ቁጭ በይና ብዪ አለችኝ፣ አጉርሳኝም ዝም አሰኘችኝ።

ተቀመጥኩ። በላሁ። ወጡ በደንብ የተሠራ ወጥ ነበር፤ ምን ምን እንደሚል ግን አላወቅኩም። አፍራ ከትሪው አጠገብ ተቀምጣ ከአክስቷ ልጆች ጋር ትበላለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። ያን የመሰለ ጠዋት ሰው ፊት ካደችው። ደግሞ እኮ የካደችው በውዳሴ ነው፤ የምትወደሰው ገሊላ ግን እኔ አይደለሁም። ዓይኔ እንባ ሲያቀር በርበሬው ነው አልኩ።

ስንወጣ እትዬ ሐዲያ እስከ ግቢው በር ሸኙን። አፍራ ከኋላቸው ቆማ እጇን አነሣችልኝ። ወደ ሸዋ በር በሚወስደው ጠባብ መንገድ እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ትንሽ እንደሄድን መታገሥ አቃተኝ።

"እማዬ፣ አፍራ ዋሽታለች። በልቻለሁ።"

እማዬ ዞር አላለችም።

"አውቃለሁ" አለች። "አብስዪላት ያልኳት እኔ ነኝ።"

እየተራመደች ነገረችኝ። ስልኬ ሲዘጋ በአፍራ ስልክ ትደውል ስለነበር ይተዋወቃሉ። በሕማማት ሳምንት አፍራ ራሷ ደወለችላት። ገሊላ ፋሲካን ብቻዋን ልትውል ነው፣ ታለቅሳለች፤ ዶሮ ላመጣላት አስቤያለሁ፣ ግን የኛ ነው እንጂ የናንተ አይደለም፣ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀቻት። እማዬ ስልኩን ይዛ ብዙ አሰበች። ከዚያ ብልት አወጣጡን፣ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ ነገረቻት። ሐረር ስትገቡ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ እኔ ማወቄንም ለገሊላ እንዳትነግሪያት ብላ ቃል አስገባቻት።

ክረምቱን ሙሉ የሸሸችኝ ለዚህ ነበር። አፍራ ምስጢር መያዝ የማትችል ልጅ ናት፤ አጠገቤ ብትቀመጥ ሁሉን ትዘረግፈው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት በእኔ ላይ ሲደረግ ነበር የከረመው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከሳቁ ኋላ ንዴት መጣ፤ እማዬን ላለማሳዘን ስንት ወር የተሸከምኩትን ነገር እሷው ራሷ በስልክ ያበሰለችው ነው። ከንዴቱም ኋላ ሌላ ነገር መጣ፤ እማዬ፣ ረቡዕና ዓርብ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ የምትውለው ሴት፣ ልጇ ፋሲካን ብቻዋን እንዳትውል ብላ ያን ቃል ከአፏ ማውጣቷ። ምን ብዬ እንደምወዳት አላውቅም።

"ካወቅሽ ታዲያ ዛሬ ከአፍራ ጋር ብበላ ምን ነበረበት?" አልኳት።

"እዚህ አይሆንም።"

"እዚያ ሆኖ እዚህ የማይሆነው ለምንድነው?"

ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሥርዓት ነው፣ ሃይማኖት ነው፣ ሰው ምን ይላል ነው ትለኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅኳት።

"አላውቅም፣ ልጄ" አለችኝ። "እናቴ እንዲህ ነው ብላ አሳደገችኝ፣ እኔም አንቺን። ሐዲያም ብትጠየቅ አታውቀውም። ግን አየሽ፣ አዲስ ድስት ገዝታልናለች።"

ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ አሰብኩ። ለሁለት ሰው ብለው ክርስቲያን አራጅ ፈልገው፣ ወጡን የምትሠራ ጎረቤት ለምነው፣ ገበያ ወጥተው ድስት መርጠው። ይኼ አጥር ነው ወይስ ምንድነው? አፍራ የካደችኝ ነው ወይስ ከእንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ በቤታቸው በር እንድገባ ያደረገችኝ? ትሪው ላይ መቀመጥ ፈልጌ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ። ዛሬ ብቀመጥ ኖሮ ግን ሁለተኛ እዚያ ቤት የሚጠራኝ ይኖር ነበር? ሁለቱም እውነት መሰሉኝ፤ የትኛውን ይዤ የትኛውን እንደምጥል ነው ያቃተኝ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ። አፍራ ናት። ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"ተቀየምሽኝ?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነው። እማዬ ሁሉን እንደነገረችኝ ስነግራት ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰች ትንሽ ትስቃለች። ይኼ ሳቅ ከተመለስን ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው የእሷ ሳቅ ነው። እንደናፈቅኳት ነገረችኝ። እኔም ክረምቱን ሙሉ እንደናፈቀችኝ፣ እንደረገምኳትም ነገርኳት። የሚመጣው እሑድ ቤተሰቦቿ ድሬዳዋ ሠርግ ይሄዳሉ፤ እሷ ትቀራለች። ነይ አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት።

"ምን ልሥራልሽ?" አለችኝ።

እማዬ አጠገቤ ቆማለች። የስልኬ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ ሁሉን ትሰማለች።

"ቤታችሁ ያለውን" አልኳት።

እማዬ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ፣ በእግር ለሚደረስ ቤት እጇን ዘርግታ ባጃጅ አስቆመች።